በጎንደር ጀማሪ ኩባንያዎች ሶፍትዌር እንዴት ይሠራል?

ስታርታፕ ገና ገበያውን እየፈለገ ያለ ኩባንያ ነው። ሁለት ሦስት ሰው፣ ጥቂት ላፕቶፕ፣ አጭር ጊዜ ብቻ የሚያቆይ ገንዘብ። ለዚህ ሥራ ባለሙያ ከሚያፈሩት አንዱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1947 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ኮምፒውተሩ ኋላ የመጣ ነው።

በዚህ ደረጃ ትልቁ ልማድ ትንሽ ግን የሚሠራ ነገር ቶሎ ማውጣት ነው። ሙሉ አፕ ከመገንባት በፊት ብዙ ጊዜ የቴሌግራም ቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ በራሱ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም፣ ይበቃል። ክፍያውም እንደዚያው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደንበኛው ከፍሎ የደረሰኙን ስክሪንሾት ይልካል፣ ከመሥራቾቹ አንዱ አይቶ ያጸድቃል። በእጅ የሚሠራ ነው፤ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደንበኞች ከበቂ በላይ ነው። ኮዱ ሃያ አንደኛው ሲመጣ ይጻፋል።

ሁለተኛው ልማድ ተጠቃሚው አጠገብ መቀመጥ ነው። አራዳ ገበያ በርበሬ ለሚሸጡ እናት ስልኩን ሰጥቶ «እትዬ፣ እስቲ የዛሬውን ሽያጭ ይመዝግቡበት» ማለት፣ ከዚያ ዝም ማለት። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። እትዬ በርበሬ የነካ ጣታቸውን ወደ ቀሚሳቸው ጠርገው፣ ስክሪኑን እንዳያቆሽሹ በትንሿ ጣት ነካ ያደርጋሉ፤ ቁልፉን ይስቱታል። ቢሮ ተቀምጦ ይህን የሚያስብ ዴቨሎፐር (ሶፍትዌር ሠሪ) አላየሁም። ቁልፉ በማግሥቱ ይተልቃል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ዩታ ላይ 17 ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል (ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ እያወጡ የመሥራት ዘዴ) መግለጫም ቢሆን ከዚህ አይርቅም፤ የሚሠራ ሶፍትዌርን ከረጅም ሰነድ ያስቀድማል። ለሦስት ሰው የጠዋት ቡና ላይ የሚደረግ ወሬና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይበቃል።

ጎንደር ላይ ብዙ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) የሚፈለፈለው ከቀን አቆጣጠር ነው። ለጥምቀት የእንግዳ ማረፊያ አልጋ የሚያስይዝ ሲስተም እንውሰድ። ባለቤቷ ጥር 11 ይላሉ፣ እንግዳው ጃንዋሪ 19 ብሎ ይመዘግባል። በአብዛኛው ዓመት ልክ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ነው፤ በ2016 እንዲያ ነበር። ልዩነቱን በቋሚ ቁጥር የጻፈ ዴቨሎፐር ሦስት ዓመት በሰላም ሠርቶ፣ በአራተኛው ከተማዋ በእንግዳ በተጨናነቀችበት ሌሊት አልጋውን ለሁለት ሰው ይሰጣል። ሰዓቱም አለ፦ «ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ» ሲባል በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9 ነው።

ፊደሉም የራሱ ነገር አለው። አንዱ ኃይሌ፣ ሌላው ሀይሌ፣ ሦስተኛው ሃይሌ ብሎ ይጽፋል። ፍለጋው ሦስቱን አንድ ካላደረጋቸው ደንበኛው «ስሜ የለም» ብሎ ይሄዳል። ሀ፣ ሐ እና ኀን (ሀ እና ሃንም ጭምር)፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለፍለጋ ብቻ ማዋሐድ ነው መፍትሔው። ሰውየው የጻፈው ስም ግን እንደጻፈው ይቀመጥ። ስሙ ነውና።

ኮዱን ለመያዝ ጊት በሚባል፣ የኮዱን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ በሚያስቀምጥ መሣሪያ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው ነው። ጥቅሙ እዚህ ከብዙ ቦታ ይልቃል፤ ሙሉ ታሪኩ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ስላለ ኔት ባይኖርም ኮሚት ይደረጋል (ለውጡ ላፕቶፑ ላይ ይመዘገባል)፣ ሲመጣ ፑሽ ይደረጋል (ወደ ጋራው ማከማቻ ይላካል)። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ታየ። በፍላሽ እየገለበጡ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2» እያሉ ማስቀመጥ ግን ይቅር። መብራት በሄደ ማግሥት የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ፣ መጻፍ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሁሉንም ፈትሹ ማለት አይቻልም፤ ጊዜው የለም። ገንዘብና ቀን የሚነኩት መስመሮች ግን መዘለል የለባቸውም። ከላይ ላለው ሲስተም የጥር 11፣ 2016ን ቀን የሚፈትሽ አንድ አጭር ቴስት ያን ሌሊት ያድናል።

ሌላው የሚረሳው የርክክብ ወረቀት ነው። ከሦስቱ አንዱ አዲስ አበባ ሥራ ያገኝና ይሄዳል። ሰርቨሩ በማን ስም እንደተከፈተ፣ ክፍያው መቼ እንደሚያልቅ፣ የይለፍ ቃሎቹ የት እንደተቀመጡ አንድ ገጽ ላይ የሚጻፈው እሱ ሻንጣውን ሳያስር ነው።