የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ምንድን ነው? ላሪ ሮቢንሰን ከሜዳ እስከ አሰልጣኝነት

በበረዶ ሆኪ አንድ ቡድን 6 ተጫዋቾች ያሰልፋል፤ በረኛ፣ 3 አጥቂዎችና 2 ተከላካዮች። ተከላካዮቹ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፣ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። አንዱ ጥንድ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ትንፋሹ ስለሚያልቅ፣ ለአንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ 3 ጥንዶች ይዘጋጃሉ።

እግር ኳስ የለመደ ሰው መሀል ተከላካይን ቢያስብ ብዙም አይሳሳትም። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የሆኪ ተከላካይ ዋና ሥራውን የሚሠራው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። አጥቂው ፓኩን (በኳስ ፋንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) እየነዳ በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ ፊቱን ወደ እሱ እንዳዞረ ያፈገፍጋል፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለካል፣ ቀስ በቀስም ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል። ቸኩሎ ከተጠጋ ይታለፋል፤ በጣም ከራቀም አጥቂው ለመምታት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ቡድኑ ሲያጠቃ ደግሞ ከራሱ በረኛ ጋር አይቀርም። የተጋጣሚው ሰማያዊ መስመር (የማጥቂያው ክልል መግቢያ) ላይ ቆሞ ፓኩ ከማጥቂያው ክልል እንዳይወጣ ይዘጋል፤ ሲመቸው ይመታል፣ አለበለዚያ ያቀብላል።

ይህን የማጥቃት ድርሻ ከሁሉ በላይ ያሰፋው የቦስተን ብሩንሱ ቦቢ ኦር ነው። በ1969–70 የውድድር ዓመት ያገባቸውና ያቀበላቸው ግቦች ተደምረው 120 ነጥብ አስገኙለት፤ ከኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ዋና የሆኪ ሊግ) ተከላካዮችም የሊጉ ኮከብ ነጥብ ሰብሳቢ በመሆን የመጀመሪያው ሆነ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተከላካይ ምን እንደሆነ ለማስረዳት እኔ የምመርጠው ግን ላሪ ሮቢንሰንን ነው። ኦር ማንም የማይደግመው ዓይነት ተጫዋች ነበር፤ የሙያውን ሁለቱንም ወገን አሟልቶ የያዘው ግን ሮቢንሰን ነው።

ሮቢንሰን በ1951 በካናዳ ኦንታሪዮ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው። ሞንትሪያል ካናዲየንስ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት የ1971 ምርጫ በ20ኛ ደረጃ ወሰደው፤ ከሰርጅ ሳቫርድና ከጋይ ላፖይንት ጋር ሆኖም “ትልልቆቹ ሦስቱ” የተባለውን የተከላካይ መስመር ሠራ። ከክለቡ ጋር 6 ጊዜ የሊጉን ሻምፒዮና ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሳ። በ1977 እና በ1980 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ በ1978 ደግሞ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ።

የተከላካይ ሥራ በግብ ብዛት አይለካም፤ ምርጡ ሥራ ያልገባው ግብ ስለሆነ ማንም አይመዘግብለትም። ሆኪ ለዚህ ፕላስ-ማይነስ የሚባል መለኪያ አለው። ቡድኑ ሲያገባ በረዶው ላይ የነበረ ተጫዋች አንድ ይደመርለታል፤ ሲገባበት የነበረ አንድ ይቀነስበታል። ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ጎድሎበት ሳለ የሚገባበት ግብ ግን ከቁጥር አይገባም። ሮቢንሰን በ1976–77 ብቻ 120 ሰበሰበ፤ በአንድ የውድድር ዓመት ከዚህ የሚበልጠው የቦቢ ኦር 124 ብቻ ነው። የሕይወት ዘመን ድምሩ ከ700 ያልፋል፤ በሊጉ ታሪክም የሚስተካከለው የለም።

በእርግጥ መለኪያው ያዳላል። ያ የሞንትሪያል ቡድን በ80 ጨዋታዎች የተሸነፈው 8 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከኋላ ኬን ድራይደን በረኛ፣ ከፊት ጋይ ላፍለር አጥቂ። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ የማንም ቁጥር ያምራል። ቢሆንም የሮቢንሰንን ያህል ያማረለት አልነበረም። የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት በሎስ አንጀለስ ኪንግስ ተጫውቶ በ1992 ሲያቆም፣ በ20 የውድድር ዓመታት አንድም ጊዜ ከጥሎ ማለፍ አልቀረም ነበር።

ተከላካይ ጨዋታውን ሁሉ ከኋላ ስለሚያይ ጥሩ አሰልጣኝ ይወጣዋል ሲባል ይሰማል። ግማሽ እውነት ነው። ሮቢንሰን በኒው ጀርሲ ዴቭልስ የቀድሞ የቡድን ጓደኛው የዣክ ለሜር ረዳት ሆኖ በ1995 ዋንጫ በላ። ከዚያ ኪንግስን በዋና አሰልጣኝነት ይዞ በ4 ዓመት ውስጥ ለጥሎ ማለፍ የበቃው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሴንት ሉዊስ ጋር አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ተሰናበተ። ጥሩ ዓይን ደካማ ቡድንን አያድንም።

ወደ ኒው ጀርሲ በረዳትነት ተመለሰ። በመጋቢት 2000፣ መደበኛው ውድድር ሊያልቅ 8 ጨዋታዎች ሲቀሩት ክለቡ አሰልጣኙን አሰናብቶ ቦታውን ለእሱ ሰጠው። በሊጉ የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ፣ 4 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ተከታታይ ግጥሚያ፣ ፊላደልፊያ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 መራቸው፤ አንድ ሽንፈት ቢጨመር አበቃ። በገርነቱ የሚታወቀው ሰውዬ መልበሻ ክፍል ውስጥ በቁጣ ገነፈለ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ሳይቀር አሽቀነጠረ። ዴቭልስ ቀጣዮቹን 3 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፎ አለፈ፤ በፍጻሜውም የዋንጫው ባለቤት የነበረውን ዳላስ ስታርስን 4 ለ 2 ረታ። በእኔ ግምት ቁጣው የሠራው ብርቅ ስለነበረ ነው። የዚያ ጥሎ ማለፍ ኮከብም ተከላካይ ነበር፤ ስኮት ስቲቨንስ።

በቀጣዩ ዓመት ፍጻሜ ኮሎራዶን 3 ለ 2 ሲመራ ቆይቶ በ7ኛው ጨዋታ ዋንጫው አመለጠው፤ በጥር 2002 ተሰናበተ። በ2005 በዚያው ክለብ እንደገና ዋና አሰልጣኝ ሆነና በታኅሣሥ ወር የሥራው ጭንቀት ጤናውን ስለጎዳው በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። ሰው ውሳኔውን እንደ ሽንፈት ቢያየውም እኔ ግን አይመስለኝም። ዋና አሰልጣኝ ስለ ሁሉ ይጠየቃል፤ በረኛው ቢደክም፣ አጥቂው ቢታመም፣ ጋዜጠኛው ቢቆጣ። ረዳት አሰልጣኝ ግን ከጥቂት ተከላካዮች ጋር ስለ አቋቋምና ስለ ርቀት ይነጋገራል፤ ሮቢንሰን የሚያውቀውም የሚወደውም ይህንኑ ነበር። ወደ ዋና አሰልጣኝነት አልተመለሰም። በዴቭልስ፣ ኋላም በሳን ሆዜ ሻርክስ ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ሴንት ሉዊስ ብሉዝ በ2019 በታሪኩ የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ ሲወስድም አማካሪው ነበር።