«በዚህ ዕድሜ ምን ፍቅር አለ?» ኤችአይቪ፣ ትልልቅ ሰዎችና የስልክ ምክር

ደሴ ላይ ሰው ሰውን ያውቃል። ፒያሳ ያስነጠስከው ሸዋ በር ላይ «ይማርህ» ይባላል። ስለዚህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ አንዳንድ ሰዎች መድኃኒታቸውን ኮምቦልቻ ወርደው ይወስዳሉ። የኮምቦልቻዎቹ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ይመጣሉ። ሚኒባስ ውስጥ እንዳይገናኙ ብቻ! እንዲህ ለሚሸሸግ ሰው የስልክ ምክር፣ ማለትም አማካሪ ቤቱ ድረስ እየደወለ የሚያወያየው፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን ስለ ምክሩም፣ ስለ ዕድሜና ፍቅርም የሚወራው ስህተት ብዙ ነው።

«ከሃምሳ በኋላ ይሄ ጉዳይ ተዘግቷል»

ማን ዘጋው? ነፃው መድኃኒት በአገራችን በ1997 ሲጀመር በሠላሳዎቹ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሃምሳን አልፈዋል። ባሏ የሞተባት ታገባለች። የፈታውም ሌላ ያገኛል። ክሊኒክ ሲሄዱ ግን ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ተጠይቀው ይሸኛሉ፤ ስለ አልጋው የሚጠይቃቸው የለም። ካልተጠየቁ ደግሞ አይናገሩም። አባወራው በድብቅ ቪያግራ ገዝተው ይውጣሉ። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የቪያግራው መጠን ደማቸው ውስጥ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነማ ግፊታቸው በአንዴ ወርዶ ሊገድላቸው ይችላል። ይህን ለመናገር የሚያሳፍረው ሰው ቢያንስ በስልክ ይናገር።

«ካረጥኩ በኋላ ኮንዶም ምን ያደርግልኛል?»

ለእርግዝና ከሆነ ምንም። ነገር ግን ከማረጥ በኋላ የሴት ብልት ይደርቃል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ በቀላሉ ይቆስላል። ለአባላዘር በሽታ በር ይከፍታል። ድርቀቱ ሲያስቸግር ቫዝሊን ወይም ቅቤ የሚቀቡ አሉ። የተለመደው የላቴክስ ኮንዶም ቅባት ሲነካው ይዳከምና ይቀደዳል። ከውሃ የተሠራ ማለስለሻ ከፋርማሲ መጠየቅ ይሻላል።

«ቫይረሱ አልታየም ስለተባልኩ ድኛለሁ»

አልዳኑም። መድኃኒቱ ቢቆም ቫይረሱ ይመለሳል። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ «መድኃኒት ብወስድም አጋሬን መግደሌ ነው» እያሉ ለዓመታት ብቻቸውን የሚኖሩ አሉ። እሱም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ የአውሮፓ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶችን ተከታትሏል። ያለ ኮንዶም 58,000 ጊዜ ያህል ግንኙነት አድርገዋል። መድኃኒቱን በአግባቡ ከሚወስደው፣ ቫይረሱም በምርመራ ከማይታይበት ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም የለም። በጥናቱ ጊዜ 11 ሰዎች ተይዘዋል፤ ቫይረሱ ሲመረመር ግን ከቤት ሳይሆን ከውጭ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሐሜተኛ ይህን ቢሰማ ብዙ ያወራ ነበር።

ይህ የሚሠራው ግን ቫይራል ሎዱ (ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) እንደማይታይ በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ መድኃኒታቸው የተቋረጠባቸው ነበሩ። መድኃኒት አቋርጦ የጀመረ ሰው የድሮውን ውጤት ይዞ «እኔ እኮ አይታይብኝም» ማለት አይችልም። እንደገና መመርመር አለበት።

«ሁለታችንም አለብን፣ ከምን እንጠነቀቃለን?»

ከቂጥኝ፣ ከጨብጥ፣ ከሄፓታይተስ ቢ። የኤችአይቪ መድኃኒት ቂጥኝን አይከላከልም። ከሁለቱ አንዱ መድኃኒቱን የሚያቆራርጥ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል።

«የስልክ ምክር ማለት በስልክ መሰበክ ነው»

ብዙ ሰው ስልኩን የማያነሳው ይህን ፈርቶ ነው። አንዳንድ አማካሪም እውነትም ይሰብካል፣ ልክ ነው። ጥሩ አማካሪ ግን የሚናገረው ከሚያዳምጠው ያነሰ ነው። ለምሳሌ አንዲት እናት ስለ ኮንዶም ለባላቸው ማንሳት ከብዷቸዋል እንበል።

«ማንሳቱንስ ፈልጌ ነበር። ‹ጠርጥረሽኝ ነው› ይሉኛል ብዬ ነው እንጂ።»

«እናቴ፣ ከዚህ በፊት ከባድ ነገር ሲነግሯቸው እንዴት ነበር የሚጀምሩት?»

«ቡና አፍልቼ። ልጆቹ ሲወጡ።»

«መቼ ይወጣሉ?»

«እሑድ። ከአቦሉ በኋላ ማንም አይቀመጥም።»

ዕቅዱ ወጣ፤ ያወጡትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አማካሪዋ «ኮንዶም መጠቀም አለብዎት» አላለችም። በሚቀጥለው ሳምንት ደውላ «እሑድ እንዴት ሆነ?» ትላለች። ባልየው ተቆጥተው ከሆነ ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

አንድ ጊዜ ተደውሎ ቢቀርስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ 100 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ በስልክ እንዲህ ዓይነት ምክር አገኘ፣ ሌላው አንድ ጊዜ፣ ሦስተኛው ምንም። ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት የቀነሰው አራት ጊዜ በተደወለላቸው ላይ ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተደወለላቸው ምንም ካልተደወለላቸው እምብዛም አልተለዩም።

«ስልክ ምስጢር አይጠብቅም»

አብዛኛውን ጊዜ ምስጢር የሚያወጣው አማካሪው ሳይሆን ቤት ውስጥ ያለው ሰው ነው። የልጅ ልጅ ስልኩን ታነሳለች፣ ላውድ ታደርገዋለች፣ «አያቴ፣ ከሆስፒታል ነው!» ብላ ትጮሃለች። ስለዚህ አስቀድሞ መነጋገር ነው። መቼ ይደወል? ሌላ ሰው ቢያነሳ አማካሪዋ ማን ነኝ ትበል? ጽሑፍ መልእክት እንዳይላክ ይነገር። ሰው በድንገት ቢገባ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ማለት ምልክት ይሁን፤ አማካሪዋ ትረዳለች፣ ትዘጋለች።

«ስልክ ካለ ክሊኒክ መሄድ ቀረ»

ስልክ ደም አይቀዳም። ውጤቱ ጥሩ ለሆነ ሰውም ቫይራል ሎድ በዓመት አንዴ ይታያል። ቁስል፣ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ከማረጥ በኋላ ደም ከታየ በአካል መሄድ ነው። «ብነግረው ይመታኛል» የምትል ሴት ደግሞ «ንገሪው» ተብላ አትገፋ። ይህን ለአማካሪዋ በመጀመሪያው ደወል ትንገራት።