ጠንካራ የስፖርት ልምምድና የታዳጊዎች አጥንት፦ በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኮምቦልቻ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ናት። በሁለቱ መካከል ባለው የሐረጎ መንገድ የሚሮጥ ታዳጊን ዳገቱ ትንፋሹን፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ጉልበቱንና ቅልጥሙን ይፈትነዋል። ለሯጭ እንዲህ ያለ መንገድ በየከተማው አይገኝም።

ረጃጅም አጥንቶች የሚያድጉት ጫፋቸው አካባቢ ባለ፣ ገና ባልጠነከረ የለስላሳ አጥንት ንጣፍ ነው። ንጣፉ በጉርምስና መጨረሻ ወደ አጥንትነት ተለውጦ ሲዘጋ የቁመት ዕድገት ይቆማል። ቁመት ከሁሉ ይበልጥ የሚመዘዘው በሴቶች 12፣ በወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ አጥንቱ በማዕድን የሚሞላው ግን ዘግየት ብሎ በመሆኑ አጥንት ረዝሞ ገና ሳይጠነክር የሚቆይበት ጊዜ ይኖራል። በዚህ ዕድሜ የእጅ አንጓ ስብራት የሚበዛው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ብረት ማንሳት ያሳጥራል» የሚለውን፣ ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ያጣበቁ ጎረምሶች ሁሉ ከእናቶቻቸው ሰምተውታል። ሆኖም በአሰልጣኝ ክትትልና በአቅም ልክ የሚደረግ የክብደት ልምምድ ቁመትን እንደሚገታ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የጂምናስቲክ ስፖርተኞች ማጠርም በአመዛኙ አጫጭሮች ለስፖርቱ ስለሚመረጡ ይመስላል፤ ይህ ግን እስካሁን ያከራክራል።

እንዲያውም መሮጥና መዝለል አጥንትን ያወፍራሉ፤ በልጅነት ቴኒስ የጀመረ ሰው ራኬት የሚይዝበት ክንዱ አጥንት ከሌላኛው ይወፍራል። ዋናና ብስክሌት የሰውነት ክብደት አጥንት ላይ ስለማያሳርፉ በዚህ ረገድ ያንሳሉ።

ትልቁ አደጋ ያለው ምግብ ላይ ነው። ብዙ እየሮጠ ጥቂት የሚበላ ልጅ ሰውነቱ ጉልበቱን ለሩጫው አውሎ ከዕድገቱ ይቀንሳል፤ ሆርሞኖች ይዛባሉ፣ የሴቷ የወር አበባ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፣ አጥንትም ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን የኃይል እጥረት በ2014 እ.ኤ.አ. ወንዶችንም ጨምሮ አስፍቶ ገልጾታል። ከ9 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል። ጤፍና ጎመን ይረዳሉ፤ ነገር ግን በወሎ ጾመኛው ክርስቲያንም ሙስሊሙም በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ፣ አሰልጣኝ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን የልምምዱን ሰዓትና መጠን መቀየር ይኖርበታል።

ከሚዘወተሩት ሕመሞች አንዱ ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ቅልጥሙ በሚጀምርበት ላይ የሚወጣው እብጠት ነው። በአውራ ጣት ሲነካ ያማል፤ ልጁ ሲንበረከክና ቁልቁለት ሲወርድ ፊቱን ያጨማድዳል። የጭኑ ጡንቻ ጅማት ያልጠነከረውን አጥንት ደጋግሞ ሲጎትተው የሚመጣ ሲሆን፣ ልምምድ በመቀነስ በአብዛኛው ይድናል። ተረከዝ ላይም ተመሳሳይ ሕመም ይከሰታል።

እግር ወለም ሲል በቅድሚያ የሚጠራው ወጌሻ ነው፤ በዚህ ጥበብ የተካኑ እጆች በአካባቢው ሞልተዋል። ነገር ግን የታዳጊ መገጣጠሚያ አብጦ ልጁ መርገጥ ካቃተው፣ አጥንቱ የሚያድግበት ንጣፍ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ከመታሸቱ በፊት ራጅ መነሣት አለበት፤ አጥብቆ ማሰርም ደም አግዶ እግርን እስከማሳጣት ይደርሳል።