«ልጄ ፖሊስ ሊሆን ነው?» ስለ ክሪሚናል ጀስቲስ ትምህርት ከአቦል እስከ በረካ የሚወሩ ስህተቶች

ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ የሚኖር የሐበሻ ልጅ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ክሪሚናል ጀስቲስ (የፖሊስን፣ የፍርድ ቤትንና የእስር ቤትን አሠራር) ልማር ነው» ካለ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይፈረድበታል። አጎት «ነርሲንግ አይሻልህም?» ይላል። እናት ወዲያው ሽጉጥ የታጠቀ ልጇ ይታያታል። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ የሚሉት ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ሲመረቅ ፖሊስ ይሆናል»

የሁለት ዓመቱ አሶሼት ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው፤ ባጅ አብሮት አይመጣም። ፖሊስ ለመሆን በአብዛኛው የፖሊስ መምሪያ ቀጥሮ አካዳሚ ሊያስገባህ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የአካል ብቃት ፈተናና ባክግራውንድ ቼክ (ያለፈ ሕይወትህ ማጣሪያ) አለ። ሃይስኩል መጨረስ የሚበቃቸው መምሪያዎች ብዙ ናቸው፤ የኮሌጅ ክሬዲት የሚጠይቁት አንዳንዶቹ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ክላሱ ውስጥ ምን ይሠራል? ይነበባል። ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል የፍሎሪዳ እስረኛ በእርሳስ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የላከው አቤቱታ ይነበባል። በ1963 የተሰጠው ውሳኔ፣ በከባድ ወንጀል ተከስሶ ጠበቃ መቅጠር ላቃተው ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት አስገደደ። ጊዲዮንም በጠበቃ ታግዞ እንደገና ሲዳኝ በነፃ ተለቀቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የሚራንዳ ውሳኔም ይነበባል፤ እሱን ሁላችንም ከፊልም የምናውቀው ይመስለናል። «ሲይዙኝ መብቴን ስላላነበቡልኝ ክሱ ይሰረዛል» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። «ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ግን ፖሊስ በቁጥጥሩ ሥር ያዋለውን ሰው ሲመረምር ነው። ካልተነገረው፣ በምርመራው የሰጠው ቃል በጥቅሉ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም እንጂ ክሱ በራሱ አይወድቅም። ይህን የሚያውቅ አንድ ልጅ ለቤተሰቡ ስንት ጣጣ እንደሚያስቀር አስቡት።

«ለጠበቃነት አቋራጭ ነው»

ይህ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ሐሳብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሆነ ሌላ ዲግሪ ሳይያዝ ይገባበታል። አሜሪካ ግን መጀመሪያ በማንኛውም ትምህርት ባችለር ይያዛል፤ ሦስት ዓመት የሚፈጀው የሕግ ትምህርት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ክሪሚናል ጀስቲስ የተማረ ሰው ኢኮኖሚክስ ወይም ታሪክ ከተማረው ቀድሞ ወረፋ አይዝም።

ቤተ ሙከራ ገብቶ ዲኤንኤ መመርመር የሚመኝም አለ። እሱ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማር።

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለደካማ ተማሪ ነው»

በ1967 የፕሬዚዳንት ጆንሰን የወንጀል ጉዳይ ኮሚሽን ፖሊሶች ውሎ አድሮ ባችለር ዲግሪ እንዲኖራቸው መከረ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ ለትምህርታቸው የፌዴራል ገንዘብ መደበ። ይህ ትምህርት በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የተስፋፋውም በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር «አድቫንስ» የሚባል የጋራ መንገድ አለው፤ ተማሪው ገና ሲጀምር የትኛው ክላስ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንደሚሻገርለት ያውቃል። (ኖቫ ድረ ገጽ ላይ «ክሪሚናል ጀስቲስ» ብላችሁ ካጣችሁት፣ «አድሚኒስትሬሽን ኦፍ ጀስቲስ» በሚለው ስም ፈልጉት።)

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ስለሱ ደግሞ ማንም አያወራም። «አፕላይድ» የሚል ቃል ያለበት አሶሼት ዲግሪ የተዘጋጀው ቶሎ ሥራ ለመግባት ስለሆነ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሻገሩ ክሬዲቱ በከፊል ሊቀር ይችላል። ባችለር የሚያስብ ሰው ለትራንስፈር የተዘጋጀውን ይያዝ። ይህን መጠየቅ ያለበት ከመመዝገቡ በፊት ነው፤ አድቫይዘሩም ካልተጠየቀ ላያነሳው ይችላል።

«ዜግነት ከሌለህ አትልፋ»

ለመማር ዜግነት አያስፈልግም። በዲቪ የመጣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ቅጽ ሞልቶ ለፔል ግራንት (ለማይመለሰው የመንግሥት ድጎማ) ማመልከት ይችላል። ሥራው ላይ ግን ጉዳዩ ይለያያል። ኤፍ ቢ አይ ዜጋ ያልሆነ ሰው አይቀጥርም፤ ብዙ የፖሊስ መምሪያዎችም እንዲሁ። ካሊፎርኒያ በአንጻሩ ከ2023 ጀምሮ የመሥራት ፈቃድ ያለው ሰው ፖሊስ እንዲሆን ፈቅዳለች። ለዜግነት በጥቅሉ አምስት ዓመት መጠበቅ ስለሚያስፈልግ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ትምህርቱ ያልቃል።

አክሰንትን የሚፈሩም አሉ፤ አማርኛ መቻል ግን ጥቅም ነው። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ተፈላጊ ነው።

«ማሪዋና ተፈቅዷል፣ ምን አለበት?»

ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ፈቅደዋል። በፌዴራል ሕግ ግን አሁንም ክልክል ነው። ዜግነት የሚጠብቅ ሰው ቢያጨስ፣ ግዛቱ ቢፈቅድለትም፣ ማመልከቻው ሊበላሽበት ይችላል። ፖሊስ ልሁን ያለውም በባክግራውንድ ቼኩ ላይ መጨረሻ ያጨሰበት ቀን ሊጠየቅ ይችላል። የሚዋሽ ደግሞ ከማጨሱ ይልቅ በውሸቱ ይወድቃል።