የጅማ መድረክ፦ ሙዚቃው፣ ቴአትሩና ታዳሚው

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስሟ በቡናዋና በአባ ጅፋር ይነሳል። ስለ መድረኳ ግን ብዙም አልተጻፈም። የከተማዋ ሰው ኮንሰርት ይወዳል፤ ቴአትር ሲመጣም ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ያየውን ግን አይጽፈውም፣ ያወራዋል። የጅማ የመድረክ ሂስ ከአዳራሹ በር ላይ ይጀምርና በማግስቱ ቡና ላይ ያልቃል። በጽሑፍ የተረፈው አብዛኛው ከዩኒቨርሲቲው መቋቋም ወዲህ ያለው ነውና ይህ ዳሰሳም እዚያ ላይ ሰፋ ይላል።

ቀደም ሲል

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1870ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ አንስቶ ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ዛሬም ቆሟል። የዛሬዋ ከተማ ያረፈችበት የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበር። ኸርበርት ሉዊስ የተባሉት ተመራማሪ በበጋ ጥሩ የገበያ ቀን እስከ 30,000 ሰው ይስብ እንደነበር ጽፈዋል። ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ ያን ያህል ሰው ከተሰበሰበ ዘፈን አይጠፋም። በኦሮሞ ባህል አንዱ ጌረርሳ የሚባለውን የጀግንነት ዘፈን ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል። ዝም ብሎ የሚያይ ተመልካች የሚባል ነገር የለም።

መንዙማም አለ። ጅማ የእስልምና ትምህርት ከተማ ስለሆነች በአፋን ኦሮሞ የሚዜም መንዙማ ሥር የሰደደ ነው። ይህን ከመድረክ ጥበብ መቁጠር ያከራክር ይሆናል። ለሚያዜመው ሰው አምልኮ እንጂ ትርዒት አይደለም። ሆኖም ጥሩ ድምፅ ከደካማ ድምፅ፣ የበሰለ ግጥም ከጥሬ ግጥም መለየትን ብዙ የጅማ ልጅ የለመደው እዚያ ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ከተማዋን በአዌቱ ወንዝ ዳር ሲያስፋፋ ሲኒማ ቤትም ሠርቷል።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ውስጥ ተወለዱ። ወደ ዌልስ ሄደው ተማሩ። ቀጥሎ ለንደን፣ ቀጥሎ ደግሞ ቦስተን የሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ። ቫይብራፎንና የኢትዮጵያን ቅኝቶች አጋብተው ኢትዮ ጃዝን ለዓለም አስተዋወቁ። ሙዚቃው የጎለመሰው ኒው ዮርክና አዲስ አበባ ነው የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ሰውየው ግን የጅማ ልጅ ናቸው። በዚህ ክርክር የለም።

በደርግ ዘመን ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዘመኑ የኪነት ቡድን ዘመን ነው። ግጥሙ ስለ አብዮቱ፣ ታዳሚውም ብዙ ጊዜ በጥሪ የመጣ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጊታር መጨበጥንና ማይክ ፊት መቆምን ለብዙ ወጣት ያስተማረው ኪነት ነው።

የዩኒቨርሲቲው ዘመን

በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ይህ ለከተማዋ መድረክ ትልቅ ነገር ነው። ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ወጣት በአንድ ግቢ ሲኖር ጭፈራውንም ይዞ ይመጣል። በብሔር ብሔረሰቦች ቀን ዋዜማ ማታ ማታ ከመኝታ ሕንፃዎቹ መካከል የከበሮ ልምምድ ይሰማል። ዕለቱ ሲደርስ እስክስታው፣ የኦሮሞ ጭፈራዎቹ፣ የዳውሮና የየም ዘፈኖች ተራ በተራ ይወጣሉ። አልባሳቱ ተውሶ ነው። አንዱ ነጠላ በሦስት ጭፈራ ላይ ሊታይ ይችላል። ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ግን ምሕረት የለውም። ከበሮው ከእግሩ ጋር ካልገጠመ በፉጨት ይጮህበታል።

«በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚለው የዩኒቨርሲቲው መርሕ ለመድረክም ይሠራል። ከግቢ የወጣ የተማሪ ድራማ ከተማ ውስጥ ስለ ጤናም ስለ ሱስም ይታያል። ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያም አለው። ቡና ላይ የሚቀረው የመድረክ ወሬ አየር ላይ ሊወጣ የሚችለው እንዲህ ባለ ጣቢያ ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው ለዓሊ ቢራ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል። ዓሊ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። በአፍላነታቸው ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር ጀምረው የአፋን ኦሮሞን ዘመናዊ ሙዚቃ መልክ ካስያዙት አንዱ ሆነዋል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰ። ጅማ በሕይወት እያሉ ማክበሯ ያኮራል።

መቼና እንዴት ይታደማል

ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ ክረምቱም ረጅም ነው። ሜዳ ላይ የሚደረግ ኮንሰርት ያን ጊዜ አይታሰብም። ረመዳን ሲገባ ዘፈን ይቆማል። ዐቢይ ጾም ሌላውን ወቅት ይወስዳል። የሚተርፈው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ደግነቱ ቡና የሚለቀምበትና ገንዘብ ኪስ የሚገባበት ወቅትም እሱ ነው። አዘጋጆች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ማስታወቂያው ሞንታርቦ የጫነ መኪና ነው። ከጅማው መርካቶ እስከ ቆጪ ሰፈር እየዞረ ይጮሃል። ትኬቱ ላይ 12 ሰዓት ከተጻፈ ባንዱ 2 ሰዓት ላይ ገና «ሀሎ፣ ሀሎ» እያለ ማይክ ይሞክራል። ቀድሞ የሚመጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ቆሎ ሻጭ። መመለሻ ባጃጅ ደግሞ ሳይመሽ መነጋገር ያዋጣል፤ ሲመሽ ዋጋው ሌላ ነው።

በርጫ ላይ ውሎ የሚመጣው ታዳሚ ቁጭ ብሎ በጸጥታ ያዳምጣል። የማያውቅ ዘፋኝ ሰው ያልወደደው ይመስለውና ይደነግጣል። ምርቃና ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሁሉም አሪፍ ነው። አስተያየቱን መጠየቅ በማግስቱ ነው።

ሂሱ

የመጀመሪያው ጥያቄ «በባንድ ነው በሲዲ?» የሚል ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ በሲዲ ከንፈር የሚያንቀሳቅስ ዘፋኝ ሲያይ «ተሸወድን» ይላል። ነቄ ታዳሚ የድራመሩን እጅ ያያል። ዘፋኙ ማይኩን ለታዳሚው ሲዘረጋ ድምፁ ካልተቋረጠ ነገሩ አለቀ።

ሁለተኛው ሰላምታው ነው። ጅማ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚውሉባት ከተማ ናት። «አከም ጂርቱ» ብሎ የጀመረ እንግዳ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሽልማትም የሂስ ዓይነት ነው። የወደደው ይወጣና ብሩን በላብ የራሰው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ዘፋኙ ግጥሙን ሳያቋርጥ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለስ ያደርጋል፤ አንዱ የባንድ አባል ከሥር ይለቅማል። ይህን እንደ ሚዛን መውሰድ ግን አይቻልም። ከሸላሚዎቹ የዘመድ ድርሻ ከፍተኛ ነው።

ቴአትር ሌላ መልክ አለው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጥቂት ተዋናይ ያለው ኮሜዲ ይበዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትራንስፖርቱና አልጋው ውድ ነው። የጅማ ታዳሚ ደግሞ ሐዘን ላይ ሊስቅ ይችላል። አላዋቂነት አይደለም፤ ተዋናዩ ካጋነነ ይስቃል። ለከተማዋ ቡድን ግን ይራራል። ተዋናዩ የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱን ነገ ገበያ ያገኛታል። ስለዚህ «ጅምሩ ጥሩ ነው፣ ይበርታ» ይባላል። ይህ ርኅራኄ ለቡድኖቹ የጠቀመ አይመስልም። ለአዲስ አበባው ዝነኛ የሚነገረው እውነት ለእነሱም ቢነገር ይሻላቸው ነበር።

መጻፍ የሚፈልግ ሰው የአዳራሹን ጥፋት ከዘፋኙ መለየት አለበት። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ቃል አይሰማም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ከሌለ ተጠያቂው አዘጋጁ ነው። ከሳውንድ ባለሙያው ጋር አምስት ደቂቃ ማውራት ከፊት ወንበር ይበልጣል።

ዛሬ አብዛኛው ፍርድ የሚሰጠው በስልክ በተቀረጸ የቲክቶክ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው የሚያሳየው አዝማቹንና የተነሳውን እጅ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል መዘግየቱን፣ ትኬት ይዞ በር ላይ የቀረውን ሰው ወይም ያለ ማይክ የዘፈነውን የመክፈቻ ልጅ አያሳይም።