ሴም ዴይ ቼንጅ ምንድን ነው? ከትኬቱ ዓይነት ጋርስ ምን አገናኘው?

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ የሚበር ሰው ጉዳዩ ቶሎ ሲያልቅለት «የማታውን ትቼ የቀትሩን በረራ ብይዝስ?» ማለቱ አይቀርም። ይህን የሚፈቅደው አሠራር ሴም ዴይ ቼንጅ ይባላል። በዚያው አየር መንገድ፣ በዚያው ዕለት፣ መነሻና መድረሻው ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ መቀየር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ከተራው የትኬት ለውጥ ጋር አንድ አድርገን እናየዋለን፤ ኪስ ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ።

ከሚኒያፖሊስ ዋሽንግተን የሚሄድ የምሽት በረራ በ129 ዶላር ገዝተዋል እንበል። የጠዋቱ በረራ ደግሞ ዛሬ 410 ዶላር እየተሸጠ ነው። በተራው መንገድ ከቀየሩ የዋጋውን ልዩነት፣ 281 ዶላር፣ ይከፍላሉ። «ፔናሊቲ ቀርቷል አልተባለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ ለአገር ውስጥ በረራ ያስከፍል የነበረውን 200 ዶላር አነሳ፣ ዴልታና አሜሪካን አየር መንገድም በማግስቱ ተከተሉት። የተነሳው ግን ቅጣቱ ብቻ ነው፤ የዋጋው ልዩነት እንዳለ ነው።

ሴም ዴይ ቼንጅ ይህን ልዩነት አይጠይቅም። አዲሱ በረራ የፈለገውን ያህል ይወደድ፣ የሚከፈለው አንድ የተቆረጠ ሒሳብ ነው፤ ዴልታ ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ 75 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቷል። አዘውትረው በመብረር ከፍ ያለ ደረጃ ያገኙ ደንበኞች ብዙ ጊዜ በነፃ ይቀይራሉ። ዕድሉ የሚከፈተው ግን በረራው 24 ሰዓት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ተጣድፎ የቀየረ ሰው 281 ዶላር ሲከፍል፣ ቼክ ኢን እስኪከፈት የታገሠው በሩብ ያህሉ ይገላገላል። መታገሥ ግን ቦታ ላለማግኘት መጋለጥም ነው፤ የግድ ጠዋት መድረስ ያለበት ሰው ባይቆምርበት ይሻላል።

ቦታ ሲባል ደግሞ ባዶ ወንበር ማለት ብቻ አይደለም። ኢኮኖሚ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የያዙት ትኬት የዋጋ ደረጃውን የሚያሳይ የተለያየ ፊደል ሊኖረው ይችላል። ዋይ ሙሉ ዋጋ ነው፤ ከሱ በታች ኤም፣ ኬ፣ ኤል እያለ የሚወርድ ረጅም ሰልፍ አለ፤ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል በየአየር መንገዱ ይለያያል። አየር መንገዱ ለእያንዳንዱ ፊደል ስንት ወንበር እንደሚሸጥ ይወስናል፤ የአንዱ ርካሽ ፊደል ወንበር ሲያልቅ ፊደሉ ይዘጋል። አንዳንድ አየር መንገዶች ሴም ዴይ ቼንጅ የሚፈቅዱት የእርስዎ ፊደል በአዲሱ በረራም ክፍት ሆኖ ሲገኝ ነው። የወንበሮቹን ሥዕል ስልካችን ላይ ከፍተን ግማሹን ባዶ እያየን አፑ «አይቻልም» የሚለን በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ እንደገና መሞከር አንዳንዴ ይሠራል፤ ፊደሎቹ ሲዘጉና ሲከፈቱ ነው የሚውሉት።

ይህ ሁሉ ውስብስብ ነገር መነሻ አለው። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚደረገውን በረራ ዋጋ የሚቆጣጠረው መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ገበያውን ለቀቀው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1977 አሜሪካን አየር መንገድ ሱፐር ሴቨር የሚባል ርካሽ ትኬት አውጥቶ ነበር፤ ቀደም ብሎ ለሚገዛና ሄዶ ለሚሰነብት ሰው። ዘመድ ጠያቂው ደንቡን ችሎ በርካሹ ይሄዳል፤ ዛሬ ሄዶ ነገ የሚመለሰው ነጋዴ ደንቡ ስለማይመቸው ውዱን ይገዛል። ዛሬም የትኬት ዓይነት ማለት ከዋጋ ይልቅ የደንብ ጥቅል ነው። ወንበሩማ ያው ነው።

ከጥቅሎቹ ሁሉ ርካሹና ጠባቡ ቤዚክ ኢኮኖሚ ነው። ዴልታ በ2012 ጀመረው፣ ዩናይትድና አሜሪካን በ2017 ተከተሉ። ሻንጣና መለዋወጥ በነፃ ይፈቅድ የነበረው ሳውዝዌስት እንኳ ከግንቦት 2025 ወዲህ ቤዚክ የሚባል ትኬት ይሸጣል፣ ከአብዛኛው ተሳፋሪም የሻንጣ ያስከፍላል። ቤዚክ በጥቅሉ አይቀየርም ተብሎ ቢታሰብ ይበጃል። ቀኑ ላልቆረጠለት ሰው ሠላሳ አርባ ዶላር ለማትረፍ ብሎ ቤዚክ መግዛት በእኔ ግምት አያዋጣም።

ስታንድባይ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ወንበር አይሰጥዎትም፤ ስምዎ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም በነፃ። በበሩ አጠገብ ያለው ስክሪን ላይ ከፓስፖርቱ የመጨረሻ ስም ጥቂት ፊደል ብቻ ይወጣል፤ ስለዚህ እዚያ የሚፈለገው የራስ ሳይሆን የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ቅድሚያው ደረጃ ላላቸው ነው፣ ከዚያ ቀድሞ ለተመዘገበ። ካልደረሰዎት የማታው ወንበርዎ እንደተያዘ ይቆያል። ሻንጣ ያስገባ ሰው ግን እሱ ቀድሞ ሻንጣው ማታ ሊደርስ እንደሚችል ይወቅ።

የትኬቱ ደንብ የማይነካቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ እየቀረው ከራሱ ከአየር መንገዱ የተገዛ ትኬት፣ ቤዚክም ቢሆን፣ በተገዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰረዝ በአብዛኛው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። አየር መንገዱ ራሱ ሲሰርዝ ወይም የአገር ውስጡን በረራ ሦስት ሰዓት፣ የውጭውን ስድስት ሰዓት ሲያዘገይ፣ አልሄድም ያለ ተሳፋሪ በ2024 በወጣው ደንብ ገንዘቡን የመቀበል መብት አለው። ተሳፋሪው ሳይሰርዝ ከቀረ ግን ኖ ሾው ተብሎ የመመለሻው ጭምር ሊሰረዝበት ይችላል።

ከሌላ ስቴት ተነሥቶ በዋሽንግተኑ ኤርፖርት በደለስ በኩል አዲስ አበባ ለሚሄድ ወገን አንድ ነገር ቀድሞ መታየት አለበት፤ የትኬቱ ቁጥር። በ071 የሚጀምር ከሆነ ያወጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ 016 የዩናይትድ፣ 006 የዴልታ ነው። ሁለቱም በረራ በአንድ የ071 ትኬት ከተያዘ፣ የአገር ውስጡን ነጥሎ በዩናይትድ አፕ ለመቀየር ሲሞከር «ትኬቱን ወዳወጣው ይደውሉ» ሊባል ይችላል። በሌላ በኩል የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ፣ ሌላ በረራ ፈልጎ መስጠት የአየር መንገዶቹ ሥራ ነው። ትኬቶቹ ለየብቻ ከተገዙ የአገር ውስጡን በሴም ዴይ ቼንጅ ማስቀደም ይቻላል። ነገር ግን ያ በረራ ቢዘገይ የአዲስ አበባው አይጠብቅም፣ ሻንጣውም ብዙ ጊዜ ደለስ ላይ ወጥቶ እንደገና ቼክ ኢን ይደረጋል።