ቴርፕሲኮሪያን ምንድን ነው?

ቆየት ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «ቴርፕሲኮሪያን» የሚል ቃል ሊገጥመው ይችላል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ዳንስን የሚመለከት። አንዳንዴም ዳንሰኛውን ራሱን ይጠሩበታል። ቃሉ የወጣው ቴርፕሲኮሬ ከምትባል የግሪክ አፈ ታሪክ አምላክ ስም ነው።

የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ ከምኒሞሲኔ፣ ከትዝታ አምላክ፣ ዘጠኝ ሴቶች ልጆች ወለደ ይላሉ ግሪኮች። እህትማማቾቹ ሙሳይ ይባላሉ። ሙዚቃ የምንለው ቃልም ሥሩ እነሱ ናቸው። ሄሲዮድ የተባለው ጥንታዊ ገጣሚ ዘጠኙንም በየስማቸው ጠርቷቸዋል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥበብ የያዙት ግን ከእሱ በኋላ ነው። ለቴርፕሲኮሬ ጭፈራ ደረሳት። ብዙ ጊዜ ተቀምጣ፣ ሊራ ይዛ ትሣላለች። ሊራ የክራራችን ዘመድ ነው።

ስሟ ውስጥ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው ደስ ማሰኘት ማለት ነው። ሁለተኛው «ኮሮስ» ነው፤ ዋናው ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ኮሮስ አንድ ሰው ብቻውን የሚደንሰው ዳንስ አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው እየዘፈኑ የሚጨፍሩት ነው። ጨፋሪዎቹም ኮሮስ ይባላሉ። በአቴንስ በወይን አምላኩ በዲዮኒሶስ በዓል 50 ሆነው ክብ ሠርተው እየዘመሩ ይጨፍሩ ነበር። ስለዚህ ለእኔ ከ«ዳንስ» ይልቅ «ጭፈራ» ይቀርበዋል፤ ዘፈኑም፣ እንቅስቃሴውም፣ አብሮ መሆኑም አለበት።

በቴአትር ቤታቸው ኮሮሱ የሚጨፍርበት ሜዳ «ኦርኬስትራ» ይባል ነበር፤ የመጨፈሪያ ቦታ ማለት ነው። ዛሬ መሣሪያ ተጫዋቾቹን የምንጠራበት ስም ከዚያ የመጣ ነው። ኮሪዮግራፊ የሚለው ቃልም ከኮሮስ ወገን ነው። ፈረንሳዊው የዳንስ መምህር ፌዬ በ1700 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ይህን ስም ሲጠቀም፣ የዳንስ እርምጃን በምልክት ወረቀት ላይ መጻፍ ማለቱ ነበር። ዳንስን ፈጥሮ ማቀናበር የሚለው የዛሬ ትርጉም በኋላ መጣ።

ፕላቶን የጻፈው አንድ ተረት ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። ሙሳይ ሲወለዱና ዘፈን ሲጀመር፣ አንዳንድ ሰዎች በደስታ ብዛት እህል ውሃ ረስተው ሞቱ። ከእነሱም በበጋ ዛፍ ላይ የሚዘምሩት ሲካዳ የሚባሉ ትንንሽ በራሪ ነፍሳት ተገኙ። ሲካዳዎቹም በጭፈራ ያከበሯት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ለቴርፕሲኮሬ ይነግሯታል።

ስሟ ከዚያ በኋላም አልጠፋም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ሰው ሚካኤል ፕሬቶሪየስ በ1612 እ.ኤ.አ. ከ300 በላይ የዳንስ ዜማዎችን ሰብስቦ ሲያሳትም «ቴርፕሲኮሬ» አለው። በ1864 እ.ኤ.አ. የተገኘ አንድ አስትሮይድም (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ የጠፈር አካል) በስሟ ይጠራል።